አሮጌ ቮልስ ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ፦ ከየት ልጀምር?

ጎፋ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጅ እያለሁ አጎቴ ነጭ ቮልስ ነበረችው። እሁድ ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ ተጨናንቆ ሲሳፈር እኔን ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ነበር የሚከቱኝ። ሞተሩ አጠገቤ ሲንኳኳ፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ቤት ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አጎቴ በኋላ ሲቸግረው ሸጣት። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ የቮልስ ድምፅ ስሰማ ዞር ብዬ ታርጋዋን አያለሁ፤ ምናልባት እሷ ትሆናለች እያልኩ።

አሁን 36 ዓመቴ ነው። ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ሐሳቤ አንድ አሮጌ ቮልስ ገዝቼ ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ ማደስ፣ ከዚያ ሸጬ በብሩ ሌላ መግዛት ነው። ሀብታም ልሁን ብዬ አይደለም። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው፣ በእጄ የሆነ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን "ብሩ እዚያው ተበልቶ እንዳይቀር" ብላኛለች። እውነቷን ነው። ቢያንስ ያወጣሁትን መመለስ አለብኝ።

ሁለት መኪና አይቻለሁ።

አንደኛዋን ያመጣልኝ ደላላ ነው። ቀይ ናት፣ ቀለሟ አዲስ፣ ኒኬሏ የሚያብረቀርቅ፣ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። "የ1965 ሞዴል ናት፣ እንዲህ ዓይነት አሁን አታገኝም" ይላል። ዋጋው ከባድ ነው።

ሁለተኛዋ ጉለሌ አካባቢ የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ቆማ ነው ያየኋት። ዛፍ ስር ናት። ግራጫ ይሁን አረንጓዴ ቀለሟን መለየት ያስቸግራል፣ ጎማዎቿ ወርደዋል፣ ግን መስታወቶቿ፣ የውስጥ እጀታዎቿ፣ መሪዋ፣ ሬዲዮዋ እንኳን ሳይቀር ሁሉም አለ። ከቆመች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዋጋዋ የቀይዋን ሲሶ አይሞላም።

ልቤ ወደ ግቢዋ መኪና ያደላል፣ ጓደኞቼ ሁሉ ደግሞ "የምትነሳውን ግዛ" ይሉኛል። ምን ምን ልይ? መለዋወጫስ? በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውም ተወዷል፣ ከሐምሌው የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ዕቃው የሚቀመስ አልሆነም ይባላል። አድሼ ስጨርስ የሚገዛኝ ይኖራል? ልምድ ያላችሁ በእናታችሁ ምከሩኝ።

የድሮ_መካኒክ

ልጄ፣ እኔ ቮልስ ላይ እጄን ያሳረፍኩት ገና ጢም ሳላበቅል ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ግን ቁልፍ ሙሉ በሙሉ አልጣልኩም። የማውቀውን ልንገርህ።

ጓደኞችህ "የምትነሳውን ግዛ" ሲሉ ከሞተር ተነስተው ነው። በሌላ መኪና እውነታቸውን ይሆናል። በቮልስ ግን ሞተር የመጨረሻ ጭንቀትህ ይሁን። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። አንድ ሰውና አንድ ጥሩ ክሪክ ከኖረ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጣል። ውሃ የለው፣ ራዲያተር የለው። ኪስህን የሚበላው ላሜራው፣ የአካሏ ብረት፣ ነው። ስለዚህ ስትገዛ ብረት እየገዛህ ነው ብለህ አስብ።

መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አንሳ። በቀኝ በኩል ባትሪው አለ። የባትሪው አሲድ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ስሩን ይበላዋል፣ አንዳንዱ ጋ ምንጣፉን ስትገልጥ አስፋልቱ ይታይሃል። እዚያው እያለህ ባትሪው ክዳን እንዳለው እይ። ክዳኑ ከሌለ የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካና እሳት ይነሳል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ ከበሩ ስር ያለውን ቦይ እይ። በሁለቱም ጎን ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ፣ ሙቅ አየር የሚያልፍበት ቦይ ነው። ሰው የማሞቂያ መንገድ ብቻ ይመስለዋል እንጂ የመኪናዋ አከርካሪ እሱ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በሩን ከፍተህ ዝጋና እንዴት እንደሚገጥም አስተውል። ከዚያ ጎን ላይ ባለው የክሪክ ቦታ ቀስ ብለህ አንሳት። አሁን እንደገና በሩን ሞክር። ከተያዘ ወይም ክፍተቱ ከተለወጠ ቦይው አልቋል፣ መኪናዋ መሃሏ ላይ እየታጠፈች ነው። ክሪኩ ራሱ ብረቱን ሰብሮ ከገባ ደግሞ መልሱን ያኔውኑ አገኘኸው።

ከዚያ ከፊት ኮፈኑን ክፈትና ትርፍ ጎማውን አውጣ፣ ጎማው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ ያቁራል። ከጎማዎቹ በላይ ያሉት የፓራፋንጎዎቹ ዝገት ብዙም አያስጨንቅህ፣ በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ተፈትተው ይለወጣሉ።

አዲስ ቀለም ያላትን መኪና ከመንካትህ በፊት ማግኔት ያዝ። በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ የበሩን ታችኛ ክፍል፣ የመስታወቱን ዙሪያ፣ የኋላ ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) የታሰረበትን አካባቢ ሁሉ ንካ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም ከቀለም በፊት ጉድለት የሚሞላበት ልጥፍ ነው። እኔ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ስቱኮ ከበር ላይ ፍቄ አውጥቻለሁ። ቀይዋ እንደዚያ ናት አላልኩም። ፈትሽ ነው የምልህ።

ሞተሩን ሳይሞቅ ነው የምታየው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሳታስነሳት በፊት ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ራስህ ሳብ፣ ወደ ፊት ግፋ። ጠብ የማይል ወይም ለመታወቅ የሚያስቸግር ከሆነ ጥሩ ነው። ቋ ቋ ካለ ግን ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞርበት ብሮንዚን ላልቷል፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት።

ሌላው ሰው የሚንቀው ነገር በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና ጎሚኒዎች ናቸው። ብዙ ቦታ "ምን ያደርጋል" ተብለው ተጥለዋል። ይሄ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ቆርቆሮው ከሌለ የሞቀው አየር ተመልሶ ይገባል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር አደጋ ላይ ነው፤ በቀድሞዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቱ ስለተቀመጠ ከሁሉም በላይ የሚሞቀው እሱ ነው። በፈረንጅ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ ያስተካከለው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል፣ ቤንዚኑም ይበዛበታል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ካገኘኸው ሞተሩ አርጅቷል ብለህ አትደምድም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ጂግለር አነስ ባለች መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሞዴሉን ነገር ደላላ አይነግርህም፣ ሻንሲው ነው የሚነግርህ። ቁጥሩ ከኋላ ወንበሩ ስር፣ መሃል ላይ ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። በ11 የሚጀምር ተራው ቮልስ ነው። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት ነው። ግን ተጠንቀቅ፣ ከ1965 እስከ 1969 ያሉት ጠቅላላ ዘጠኝ አሃዝ ናቸው። ከ1970 ወዲህ ያሉት ግን አሥር አሃዝ ናቸው፣ አራተኛው አሃዝ 2 ነው። ስለዚህ 115 ብሎ የሚጀምር ዘጠኝ አሃዝ ከሆነ 1965፣ አሥር አሃዝ ሆኖ 1152 ካለ 1975 ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው።

ሂድና ቁጥሩን ጽፈህ አምጣልኝ።

ሰማያዊዋ_ቮልስ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ወርቅ ነው፣ ከመግዛቴ በፊት ባነበብኩት ኖሮ። እኔ ደግሞ ከገዢነትና ከሻጭነት በኩል ልጨምር። መካኒክ አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አንዲት ሞተሯ 1300 ሲሲ የሆነ ቮልስ ገዝቼ፣ 14 ወር አሳድሼ ሸጫለሁ፤ አሁን ሁለተኛዋ ላይ ነኝ።

ወንድሜ፣ ትልቁ ስህተቴ ቅደም ተከተል ነበር። ቀለሙን ለማየት ስለቸኮልኩ ወለሉ ሳይበየድ ቀለም አስቀባሁ። ከዚያ ባትላሜራው (ላሜራ ሠሪው) ከስር ሲበይድ የብየዳው ሙቀት አዲሱን ቀለም አቃጠለው፣ በበሩ ስር ያለው በሙሉ ተነፋፋ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ። መጀመሪያ ብረት፣ ከዚያ ፍሬንና እግር፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ቀለም ከዚያ በኋላ፣ ወንበር መጨረሻ። የቸኮለ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሲያዛባ ሁሌ ሁለቴ ይከፍላል።

ሁለተኛው፣ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣችሁ አትጥፉ። እኔ የመጀመሪያ ክፍያ ሰጥቼ "በሁለት ወር ይደርሳል" ተብዬ ሄድኩ። በአራተኛው ወር ስሄድ መኪናዬ ከግቢው ጥግ ዝናብ ላይ ቆማለች፣ መስታወቶቿ ወልቀው፣ ውስጧ ውሃ ተሞልቶ። የቸርኬዎቹ ክዳኖች ደግሞ ጠፍተዋል፣ ዋናዎቹ፣ የፋብሪካው። ማንንም መክሰስ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሳስገባት ምን ምን እንደነበራት የሚያሳይ ወረቀት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ሳስረክብ ሁሉንም በስልክ እቀርጻለሁ። የሚፈታውን ዕቃ ራሴ ወደ ቤት እወስዳለሁ። ክፍያውን በሥራ ደረጃ እከፍላለሁ፣ የወለሉ ብየዳ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ቦዩ ሲያልቅ ይህን ያህል እያልኩ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም ይወደዋል።

ብሎኖቹን በየፌስታሉ አድርጋችሁ ከየት እንደተፈቱ ጻፉበት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ 200 ብሎን ፊታችሁ ተዘርግቶ ስታዩ ያኔ ትመርቁኛላችሁ።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ መርካቶ ያለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ ሂድ፣ ግን ብቻህን አትሂድ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ። ፓራፋንጎ፣ በር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ እዚያ ይገኛል። ምናለሽ ተራ ደግሞ እጀታና የመብራት ክብ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፣ በትዕግሥት ከሆነ። የፍሬን ጎሚኒ፣ የቤንዚን ጎሚኒ፣ የበርና የመስታወት ጎማዎችን ግን አሮጌ አልገዛም፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ አስመጣለሁ። ቀላል ናቸው፣ ቦታ አይዙም።

ወደ ብሩ ልምጣ፣ ባለቤትህ የጠየቀችው እሱን ስለሆነ። ቁጥር አልጽፍም፣ በየወሩ ስለሚቀያየር የዛሬው ነገ አይሠራም። መጠኑን ግን ልንገርህ። ካወጣሁት ጠቅላላ ብር ውስጥ መኪናዋ ራሷ አንድ ሦስተኛ ነበረች። ላሜራ፣ ብየዳና ቀለም ግማሹን ወሰዱ፣ ቀለሙን ሁለቴ ስለከፈልኩ ጭምር። ሞተሩ ከሁሉም ያነሰ ነው። ስሸጥ ያወጣሁት ተመልሶ ትንሽ ተረፈ። የራሴን ቅዳሜዎች ሒሳብ ውስጥ ካስገባሁ ግን ኪሳራ ነው። እኔ አላስገባሁም፣ ቅዳሜዎቼን በደስታ ነው ያሳለፍኳቸው። ትርፍ የሚገኘው ስትሸጥ ሳይሆን ስትገዛ ነው፣ ያችን የግቢ መኪና የወደድኩት ለዚህ ነው። የቀይዋ ዋጋ ውስጥ የሌላ ሰው ቀለም ክፍያ አለበት፣ ስሩ ምን እንዳለ ደግሞ አታውቅም።

የሚገዛ አለ ወይ ላልከው፣ አለ። ለሰርግ የሚያከራዩ ይፈልጋሉ፣ ካፌ በር ላይ የሚያቆሙ አሉ፣ ከውጭ የተመለሱ ሰዎች አሉ። የእኔን የገዛኝ ግን አባቱ ቮልስ የነበረው ሰው ነው። መሪዋን ይዞ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ተቀመጠ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ እንኳን ብዙ አልተከራከረም። እንደዚህ ያለ ገዢ ዋናውን ዕቃ ያውቃል። ሬዲዮዋ አለ ብለሃል፣ ባይሠራም እንዳትጥለው።

ሚሌቼንቶ

እኔ የፊያት ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁሉም ቮልስ ቮልስ ስለሚል ዋጋው ወጥቷል። ሴይቼንቶ ወይም ሚሌቼንቶ (ፊያት 600 ወይም 1100) ብትፈልግ በርካሽ ታገኛለህ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አልመክርም፤ ዕቃው የለም። እኔ ለአንድ የመብራት ክብ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ በመጨረሻ አስመራ ያለ ዘመድ ነው የላከልኝ። አሮጌ ሆና ዕቃ የማይታጣላት ከፈለግህ ላዳም አለች። የመጀመሪያዋ ላዳ የተሠራችው ከፊያት 124 ተነስቶ ስለሆነ፣ ይቺ ከተማ ውስጥ እሷን ዓይኑን ጨፍኖ የማይፈታ መካኒክ የለም። ላዳን ዛሬ ማንም እንደ ቅርስ አያያትም፣ ታክሲ ሆና ተፈጭታ እያለቀች ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ንጹሕ የሆነችውን ፈልገን የምናጣት ይመስለኛል።

ከሽቱትጋርት

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ጀርመን የምኖር የቮልስ ሰው ነኝ፣ የ1200 አለችኝ፣ 6 ቮልቷ እንዳለ ነው።

ዕቃ ያልቃል ብለህ አትጨነቅ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተመርቷል። ጀርመን ውስጥ ማምረት ያቆሙት ጥር 1978 በፈረንጅ ነው፣ ሜክሲኮ ፑዌብላ ግን እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ድረስ ሲሠሩ ነበር። ስለዚህ ዛሬም ወለል፣ ቦይ፣ ፒስተን፣ ጎማ ሁሉ አዲስ ይሠራል። ግን አንዱ ከአንዱ በጥራት በጣም ይለያል። በርካሽ የተሠራ ወለል ገዝቼ አልገጥም ብሎኝ ቆርጬ፣ ቀጥዬ፣ ሦስት ሳምንት አባከንኩ። ስትገዛ የላሜራውን ውፍረት ጠይቅ።

ለመሸጥም የሚረዳ አንድ ነገር አለ። ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን አውቶ ሙዚየም የሻንሲ ቁጥሩን ስትልክላቸው በክፍያ የልደት ወረቀት የሚሉትን ይሰጣሉ። መቼ እንደተመረተች፣ የመጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበረ፣ ወደ የት አገር እንደተላከች ይጻፍበታል። "አዲስ አበባ" የሚል የተጻፈበት ወረቀት ያላት መኪና ምን ያህል ልብ እንደምትሰርቅ አስበው። እዚህ አንድ መኪና 30 ዓመት ከሞላትና እንደ ቀድሞዋ ከተጠበቀች ታርጋዋ ላይ ኤች የሚል ፊደል ይጨመርላታል፣ ግብሯም በዓመት 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። ያን ፊደል የሚሰጡት የመኪናዋን አሠራር አይተው ነው፣ ሞተሯን እንደልብህ ለውጠህ አይሰጡህም። ስለዚህ ምክሬ፣ ግራጫ አረንጓዴዋን ከገዛህ የመጀመሪያ ቀለሟን አግኝና እሱኑ ቀባ። ኤሌክትሪኩንም ወደ 12 ቮልት አትቀይር። 6 ቮልት ደካማ የሚመስለው የመሬት ገመዶቹ ስለሚዝጉ ነው። አጽዳቸው፣ ወፈር ያለ ገመድ አስገባበት፣ ይሠራል።

የድሮ_መካኒክ

ሽቱትጋርት ያለኸው፣ በቀለሙ እስማማለሁ፣ በ6 ቮልቱ ግን አልስማማም። እዚህ የ6 ቮልት ባትሪ ፈልግ ብትባል የት ትሄዳለህ? አምፖሉስ? መኪናዋን የሚገዛ ሰው ማታ ዝናብ ላይ ይነዳታል፣ የመስታወት መጥረጊያዋ በደንብ መሥራት አለበት። እኔ 12 አድርጌ አሮጌውን ዲናሞና ሬጉሌተር በካርቶን አሽጌ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። መመለስ ከፈለገ ይመልሳል። ጉለሌ ያለችው 1300 ወይም 1500 ከሆነችና በፈረንጅ ከ1967 ነሐሴ በኋላ ከተሠራች፣ መብራቷ ቀጥ ያለ፣ ፓራውልቷ ወፍራምና ከፍ ያለ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ 12 ሳትሆን አትቀርም፣ ክርክሩም አያስፈልግም።

ጎፋ_ልጅ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ! ሁለቱንም ሄጄ አየሁ፣ ማግኔትና የእጅ ባትሪ ይዤ።

ቀይዋ። ወንበሩን አንሱልኝ ስል ደላላው ፊቱን አጠቆረ፣ ግን ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፣ ራሱ አነሳልኝ። ቁጥሩ አሥር አሃዝ ነው፣ በ1152 ይጀምራል። ጋሼ እንዳሉት 1975 ነው ማለት ነው። ባለቤቱም አላወቀም፣ እሱም ሲገዛ 65 ተብሎ ነው የተሸጠለት፣ በጣም አዘነ። በሮቹ ታች ላይ ማግኔቱ አልያዘም፣ በሁለቱም በኩል። ክሪክ እንድሞክር አልጠየቅኩም፣ ያየሁት በቃኝ።

ጉለሌ ያለችው። ዘጠኝ አሃዝ፣ በ118 ይጀምራል። መብራቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ፓራውልቷ ወፍራም። ባትሪው ስር ያለው ወለል ተበልቷል፣ እጄ አለፈ። የግራው ግን ደህና ነው። ክሪክ ስናስገባ በቀኝ በኩል በሩ ትንሽ ተያዘ፣ በግራ ምንም አልሆነም። ፑሌጃውን ሳብ ገፋ አደረግሁ፣ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ግን ስድስት ዓመት የቆመ ስለሆነ ደርቆ ይሁን ደህና ሆኖ አላወቅሁም። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎች ሁሉም አሉ! የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ ነው።

እናታችን ስለ መኪናዋ ብዙ አጫወቱኝ። ባለቤታቸው ናቸው የገዟት። ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት በቮልስ ሲወስዷቸው ያን ቀን ሰው ሁሉ ስለዚያች መኪና ሲያወራ ባለቤታቸው በራሳቸው ቮልስ ወደ ሥራ መሄድ አስፈርቷቸው ግቢ ውስጥ አቁመዋት እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ግን እስኪታመሙ ድረስ ሲነዷት ኖረዋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሊብሬው በባለቤታቸው ስም ነው፣ እሳቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው። እናታችን "ባለቤቴ ለልጃችን ውክልና ሰጥቶት ነበር፣ በሱ እንፈርምልሃለን" አሉኝ። ይሄ ይሆናል? ቀብድ ልስጥ ወይስ?

ሰማያዊዋ_ቮልስ

አይሆንም ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! ውክልና የሰጠው ሰው ሲያርፍ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። በዚያ ወረቀት ተፈራርማችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ብትሄዱ እንኳን ነገ ሌላ ልጅ ቢነሳ መኪናዋ ያንተ አይደለችም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይውጣ፣ እናትየውና ልጆቹ በሙሉ ይግቡበት፣ ከዚያ ስሙ ይዙር፣ ከዚያ ይሽጡልህ። እኔ በመጀመሪያዋ ላይ ስም ሳይዞር አንድ ብር አላሳድስም ብዬ ስለቆየሁ ነው የዳንኩት። ባለቤት ያልሆንክባትን መኪና ከበየድክ ብየዳው የሌላ ሰው ነው።

ወራት ሊወስድ ይችላል። ትጠብቃለች፣ ስድስት ዓመት ቆማለች። እስከዚያ አንድ ነገር አድርግላቸው፣ ሸራ ገዝተህ አልብሳት፣ ከዛፉ ስር ትወጣ እንደሆነ ጠይቅ። ያ ቅጠል በስብሶ የመስታወቱ ግርጌ ላይ ነው የሚከማቸው። እናትየው ለማድረግ አቅሙ የላቸውም፣ አንተ ብታደርገው ደግሞ ለሌላ ሰው አይሸጡም። ቀብድ ግን የለም፣ በቃ።

ጎፋ_ልጅ

ገባኝ። ልጃቸውን ዛሬ ደውዬ አገኘሁት፣ እህቱም ወንድሙም እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው፣ ፍርድ ቤቱን አብረን እንጀምራለን ብሏል። ሸራውን ነገ እገዛለሁ። ጋሼ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት፣ ሞተሩን አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ? መጓጓዣውን እኔ አመቻቻለሁ፣ ድካምዎንም እክሳለሁ።

የድሮ_መካኒክ

ምን ድካም አለው። የ118ን ሞተር በቆርቆሮው ሙሉ ሆኖ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርግ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጥተህ በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ የሞተር ዘይት ጣልበት፣ ሁለት ቀን ይደር። የቤንዚን ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቆርጠህ ጣል፣ አዲስ ይዘህ ጠብቀኝ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፍሰስ። እናም ልጁ ባትሪ አምጥቶ "ትነሳ እንደሆነ እንያት" ቢል እሺ እንዳትለው። እኔ ፑሌጃውን በእጄ ሳላዞር ማንም ቁልፍ እንዳይነካ።